ጨለማ ክፍልና የቢራ ጣሳ፦ የ2017 የስቱዲዮ ማስታወሻ

መስከረም፦ ክፍሉን ማጨለም

ስቱዲዮዬ ካዛንቺስ ጠርዝ ላይ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለ አንድ ክፍል ነው። መስኮቱ ወደ ምሥራቅ ያያል። ከፊት የዛጉ ቆርቆሮ ጣሪያዎች፣ ከነሱ ኋላ ፎቆች፣ ከዚያ ሰማይ። ይህን እይታ ደጋግሜ ስለሳልኩት ዓይኔ ጠግቦታል። እጄ ሳላይ ይስለዋል። ዘንድሮ ብሩሹን አስቀምጬ ክፍሉን ራሱን ካሜራ ላደርገው ነው።

ሐሳቡ ቀላል ነው። ክፍሉን ድቅድቅ አድርጎ ማጨለም፣ መስኮቱ ላይ አንዲት ቀዳዳ መተው። ውጭ ያለው ሁሉ በቀዳዳዋ ገብቶ ተቃራኒው ግድግዳ ላይ ተዘቅዝቆ ይታያል። የብርሃን ሊቁ ኢብን አል-ሃይተም ከሺህ ዓመት በፊት ብርሃን በቀዳዳ ሲያልፍ የሚሆነውን በጨለማ ክፍል ውስጥ ፈትኗል። አዲስ ነገር እየሠራሁ አይደለም።

የተገዛው ጥቁር ላስቲክ፣ ናስትሮና አንድ ቁራጭ ኮምፔንሳቶ ነው። ከነማስቆረጫው 1,400 ብር ገደማ ወጣ። ኮምፔንሳቶውን በመስኮቱ ልክ ገጥሜ ዙሪያውን በላስቲክ ደፈንኩት።

ማጨለም ግን ከማብራት ይከብዳል። በሩን ዘግቼ ስቀመጥ መጀመሪያ ምንም አይታይም፤ የተሳካ ይመስላል። ዓይን ጨለማን በደንብ ለመልመድ ግማሽ ሰዓት ያህል ይፈልጋል። ከለመደ በኋላ ክፍሉ ወንፊት ሆኖ ቁጭ አለ። በበሩ ሥር፣ በቁልፉ ቀዳዳ፣ የድሮ ዲሽ ገመድ ባለፈበት ሽንቁር ብርሃን ይገባል። መድፈን፣ ተቀምጦ መጠበቅ፣ ሌላ ሽንቁር ማግኘት፣ እንደገና መድፈን። ናስትሮ በዚህ ሥራ እንደ ጉድ ያልቃል።

የቀዳዳው ስፋት በግምት አይሆንም። ከሰፋ ምስሉ ይደበዝዛል። በጣም ከጠበበም ብርሃኑ ጠርዙ ላይ ስለሚበተን ያው ይደበዝዛል። ስሌቱ እንዲህ ነው፦ ከቀዳዳው እስከ ግድግዳው ያለውን ርቀት በብርሃኑ የሞገድ ርዝመት ማባዛት፣ ስኩዌር ሩት ማውጣት፣ ከዚያ በ1.9 ማባዛት። የእኔ ግድግዳ 3 ሜትር ይርቃል። አረንጓዴ ብርሃን 0.00055 ሚሊ ሜትር ነው። ውጤቱ 2.4 ሚሊ ሜትር ይመጣል። ከለስላሳ ጣሳ በተቆረጠ ቁራጭ ላይ በሚስማር በስቼ ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስኩት።

ምስሉ መጣ። ግን ምን ያደርጋል፣ ሰማዩ ከታች ግራጫ፣ ጣሪያዎቹ ከላይ ጥቁር፣ በቃ። እርሳሴ እንኳ የት እንደሆነ አይታየኝም። ቀዳዳውን 1 ሴንቲ ሜትር አደረግኩት። ደመቀ፣ ግን ሁሉም ነገር እርስ በርሱ ተቀላቀለ።

ጥቅምት፦ የመነጽር ሌንስ

ቀዳዳ ብቻውን አያዋጣም። ሌንስ ያስፈልጋል። የካሜራ ሌንስ የሚሰበስበው በጥቂት ሴንቲ ሜትር ነው፤ እኔ የምፈልገው በሜትር ነው። መልሱ መነጽር ቤት ተገኘ። ያልተቆረጠ +0.50 ሌንስ ጠየቅኩ።

«አንድ ብቻ? ለየትኛው ዓይን ነው ወንድሜ?» አለኝ ሰውየው።

ለክፍል ነው ስለው ሳቀና በ350 ብር ሰጠኝ።

የመነጽር ቁጥር ስሌቱ ግልጽ ነው፤ 1ን ለቁጥሩ ማካፈል። +0.50 በ2 ሜትር ላይ ምስል ይሰበስባል፣ +0.25 ደግሞ በ4 ሜትር። መሃል የለም፤ ቁጥሩ በ0.25 ነው የሚዘለው። ክፍሌ 3 ሜትር ስለሆነ ግድግዳውን ተውኩት። የእንጨት ፍሬም ላይ አቡጀዲ ወጥሬ ከመስኮቱ 2 ሜትር ላይ አቆምኩ። 60 ሜትር ርቆ ያለ፣ 6 ሜትር ከፍታ ያለው ቤት እዚህ አቡጀዲ ላይ 20 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ለሥዕል የሚመች ልክ ነው።

ሌንሱን 4 ሴንቲ ሜትር ክብ ብቻ እንዲቀር አድርጌ በጥቁር ካርቶን ሸፈንኩት። ከመጀመሪያዋ የሚስማር ቀዳዳ ጋር ሲነጻጸር ምስሉ ከ600 እጥፍ በላይ ይደምቃል። ይህ ስሌት ብቻ አይደለም፣ በዓይንም ይታያል።

አንድ ችግር ቀረ። መሃሉ ጥርት ሲል ዳር ዳሩ ይቀልጣል። የመነጽር ሌንስ በአንድ ጎኑ ጎድጓዳ፣ በሌላው ጎኑ ጉብ ያለ ነው። ጉብታው ወደ ውጭ ነበር የተገጠመው። ገለበጥኩት፤ ጎድጓዳው ወደ ውጭ፣ የካርቶን ክቡ ደግሞ ከፊቱ። ጠርዙ ወዲያው ተሻሻለ። እንግሊዛዊው ሳይንቲስት ዎላስተን እ.ኤ.አ. በ1812 ለጨለማ ክፍል የመረጠው አገጣጠም ይኸው ነው።

አሁን ቀለም አለ። ገመድ ላይ የተሰጣ ቀይ አንሶላ አለ፤ ተዘቅዝቆ ወደ ላይ ይውለበለባል። የአንዱ ግቢ የማድ ቤት ጢስ ወደ ታች ይፈስሳል። አሞራ በጀርባዋ ትበራለች። ሁሉም ያለ ድምፅ። መስኮቱ ምሥራቅ ስለሚያይ ጠዋት ፀሐይዋ ሌንሱ ውስጥ ትገባለች፣ ምንም አይሠራም። ጥሩው ሰዓት ከቀኑ 8 እስከ 10 ነው፤ ያኔ ፀሐይዋ ከኋላዬ ሆና ቤቶቹን ፊት ለፊት ትመታለች። መብራት ሲጠፋ የማይቆም ብቸኛው ሥራዬም ይህ ሆኗል።

ለመሳል አቡጀዲው መቀባት አለበት። ጀሶ፣ ቪናቪልና ነጭ የውኃ ቀለም ቀላቅዬ ሁለት እጅ ቀባሁት። ከሰል ይይዛል። ካልተቀባው ጨርቅ ኋላ ቆሞ መሳልም ይቻላል፤ ምስሉ አልፎ ይታያል፣ ክንድም ጥላ አይጥልም። ኋላ ሆኖ የተሳለው ፍሬሙን ማዞር ብቻ ነው፣ ሁሉም ነገር ቦታው ይገባል። ከፊት ሆኖ የተሳለው ግን ሲቃና ቀኝና ግራው ይገለበጣል። «ጸጉር ቤት» የሚለው ታፔላ በመስታወት የሚነበብ ሆነ። ከሰል የሚይዘው ግን የተቀባው ፊት ስለሆነ ጎን ቆሜ ክንዴን ዘርግቼ እስላለሁ። ትከሻ ያማል።

ከዚህ ሁሉ ያልጠበቅኩት ነገር ሌላ ነው። የተዘቀዘቀ ቤት ቤት አይመስልም። ጣሪያ፣ በር፣ መስኮት እያልኩ አልስልም። እዚህ ጋ ጨለማ አለ፣ እዚህ ጋ ቀጭን ብርሃን አለ፣ ብቻ። ፍሬሙን ገልብጬ ሳየው የማውቀውን ቤት አየሁ፤ ግን ዕድሜ ልኬን ከምስለው የተለየ ነው። የጣሪያው አንድ ጎን ወደ ውስጥ ሰርጉዷል። ይህን መቼም አይቼው አላውቅም።

ጥቅምት መጨረሻ፦ ጣሳ

ጨለማው ክፍል ምስል ያሳያል እንጂ አያስቀምጥም። ሰፈሩ ሊፈርስ እንደሆነ ወሬው በርትቷል። ለወራት ዓይኑን የማይጨፍን ነገር ያስፈልገኛል።

ጀርመናዊው ሚካኤል ቬሰሊ የበርሊኑን ፖትስዳመር ፕላትስ ግንባታ ካሜራውን ለረጅም ጊዜ ክፍት አድርጎ አንስቷል። እ.ኤ.አ. ከ2001 እስከ 2004 ደግሞ የኒውዮርኩን የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ግንባታ እንዲሁ አነሳ። እንግሊዝ አገር ሬጂና ቫልከንቦርግ የተባለች ተማሪ እ.ኤ.አ. በ2012 ቤይፎርድበሪ የሥነ ፈለክ መመልከቻ ላይ ያሰረችው የቢራ ጣሳ ከ8 ዓመት በኋላ ተገኝቶ ውስጡ ምስል ነበረው። ጣሳውን የመረጥኩት በዋጋው ነው።

የጥቁርና ነጭ ፎቶ ወረቀት ሱቅ ውስጥ አላገኘሁም። ከተዘጋ ፎቶ ቤት የተረፈ፣ ቀኑ ያለፈበት ካርቶን በ800 ብር አገኘሁ። 13 በ18 ሴንቲ ሜትር ነው። ቀኑ ማለፉ ለዚህ ሥራ ግድ የለውም፤ ወረቀቱ በኬሚካል አይታጠብም። ብርሃኑ ራሱ ለሳምንታት እየመታው ያጠቁረዋል። ጣሳ የገዛሁት ከቆራሌው ነው። እኛ አገር ቢራ በጠርሙስ ስለሚጠጣ ጣሳ እንደ ልብ አይገኝም፣ ለስላሳም ቢራም ደበላልቄ ወሰድኩ።

አሠራሩ፦ የጣሳው ክዳን በመቀስ ይቆረጣል። ጎኑ ላይ መሃል ለመሃል ቀዳዳ ይበሳል። የጣሳው ወርድ 66 ሚሊ ሜትር ነው፣ በዚያው ስሌት ቀዳዳው 0.36 ይሆናል። ይህ የቀጭን መርፌ ጫፍ ብቻ ነው፤ መርፌው ዘልቆ ከገባ ሰፋ ማለት ነው። የምለካው በስካነር ነው። በ1200 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 1200 ነጥብ) ስካን ሲደረግ ቀዳዳው 17 ፒክስል ያህል መሆን አለበት። 25 የመጣውን ጣልኩት። ወረቀቱ ቁመቱ 11 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ይቆረጥና ጣሳው ውስጥ ይጠቀለላል። የጣሳው ዙሪያ 20 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይላል፣ ወረቀቱ 18 ነው፤ የሚተርፈው ክፍተት ቀዳዳው ላይ መዋል አለበት። ከዚያ ክዳኑን በካርቶንና በናስትሮ ማሸግ።

ኢንተርኔት ላይ ያሉት መመሪያዎች ሁሉ «ወደ ደቡብ አዙሩት» ይላሉ። ያ ለአውሮፓ ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ 9 ዲግሪ ሰሜን ላይ ናት። ፀሐይ እኩለ ቀን ላይ አናታችን ጋ ናት። በታኅሣሥ 32 ዲግሪ ያህል ወደ ደቡብ ታጋድላለች፣ በሰኔ ደግሞ 14 ዲግሪ ወደ ሰሜን። ወደ ደቡብ ለዞረ ጣሳ እዚህ በዓመት አራት ወር ተኩል ያህል ቀትር ላይ ፀሐይዋ ከኋላው ናት። ስለዚህ ሁለት ዓይነት አድርጌ ሰቀልኩ። አንዱ ቆሞ ወደ ምሥራቅ የሚያይ። ሌላው ጣሪያ ላይ የተኛ፣ ቀዳዳው ወደ ሰማይ፣ ርዝመቱ ከደቡብ ወደ ሰሜን።

ወደ ሰማይ የሚያይ ቀዳዳ ዝናብ ይጠጣል። የስልክ ስክሪን ፕሮቴክተር፣ መስታወቱን ዓይነት፣ በትንሹ ሰብሬ በሲሊኮን ለጠፍኩበት።

የምሥራቁን ጣሳ ዝቅ ያለ ቦታ ፈልጌ ነበር፣ ቤቶቹ ከሰማዩ ጋር እንዲታዩ። የዘበኛው ቤት ጣሪያ ጥሩ ሆነ። በጥቁር ናስትሮ የተጠቀለለ ነገር በሽቦ ሳስር ዘበኛው አባባ ከታች ቆመው ያዩኛል።

«ልጄ፣ ይቺ ነገር ብትፈነዳ ጡረታዬን ማን ይበላልኛል?»

ውስጡን ከፍቼ አሳየኋቸው፤ አንድ ወረቀት በዚሁ ተቃጠለ። ጣሳው ላይ «የሥዕል ሥራ ነው፣ አይከፈት» ብዬ ስልኬን ጻፍኩበት። ከዚያ በኋላ ዋናው ጠባቂ እሳቸው ሆኑ። ኤሌክትሪክ ሠራተኛ እንኳ በዚያ በኩል እንዲወጣ አልፈቀዱም።

ኅዳር

ፊት ለፊት ያሉት ቤቶች ፈረሱ። መጀመሪያ ቆርቆሮው፣ ከዚያ በርና መስኮቱ፣ ከዚያ ኤክስካቫተሩ። ሌንሱ ላይ አቧራ ስለሚቀመጥ በየቀኑ መጥረግ አለበት። አቡጀዲው ላይ የሳልኩትን በጨርቅ አብሼ በላዩ አዲሱን እስላለሁ። ከሰል ሙሉ በሙሉ አይጠፋም፣ የድሮው መስመር ግራጫ ሆኖ ይቀራል። አልታገልኩትም።

ታኅሣሥ 12፦ የመጀመሪያው ጣሳ ተከፈተ

የዓመቱ አጭር ቀን ነው። ፀሐይዋ ደቡብ ጫፏ ላይ ናት። የዘበኛውን ጣሳ አውርጄ በምትኩ አዲስ ሰቀልኩ። ዕቅዱ አዲሱ እስከ ሰኔ 14፣ ማለትም ፀሐይዋ ሰሜን ጫፏ እስክትደርስ እንዲቆይ ነው። የጣሪያው ደግሞ እንደዚያው።

ወረቀቱ ሲወጣ ምስሉ ያለ ኬሚካል ተቀምጧል። ቡናማና ወይን ጠጅ። ጥቁርና ነጭ ወረቀት መሆኑን ማን ያምናል? ሆኖም ምስሉ አልጸናም። የክፍሉ መብራት ራሱ ማጥቆሩን ይቀጥላል። የስካነሩ ብርሃንም እንደዚያው። ስለዚህ ቅድመ እይታ የሚባለውን ስካን መዝለል ነው፤ ያ ብቻውን አንድ ዙር ብርሃን ያባክናል። በ600 ዲፒአይ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ከዚያ ወረቀቱ ወደ ጥቁር ፖስታ። ኮምፒውተር ላይ ጨለማውን ወደ ብርሃን መቀየርና ቀኝና ግራውን ማቃናት ይቀራል።

የፀሐይ መንገዶች ቀጭን ነጭ መስመር ሆነው ቀጥ ብለው ይወጣሉ፣ ወደ ቀኝ ትንሽ ዘንበል ብለው። እያንዳንዷ መስመር አንድ ቀን ናት። ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከጥቅምት ወደ ታኅሣሥ። ቤቶቹ አሉም የሉምም። ጣሪያው ይታያል፣ ግን ሰማዩ በውስጡ ያልፋል። ግማሹን ጊዜ ቤት ነበር፣ ግማሹን ጊዜ ሰማይ፣ ወረቀቱ ሁለቱንም ደርቦ ያዘ።

በጣም የገረመኝ ከታች በኩል ነው። በግራ ያሉት መስመሮች ጣሪያው ጋ ሲደርሱ ይቆረጣሉ፤ ፀሐይዋ ከጣሪያው በላይ ነበር የምትወጣው። በቀኝ ያሉት ግን ዝቅ ብለው ይጀምራሉ። መሃል ላይ የሚዘልበት ቦታ አለ። ቤቱ የወረደው ያኔ ነው፤ ታኅሣሥ 12 ሲቀርብ ግን መስመሮቹ ስለሚደራረቡ ቀኑን ቆጥሮ ማግኘት ያስቸግራል።

ከታች ጀበና ቡና ታፈላ የነበረችው ሴትዮ ከሰፈሩ ጋር ተነሥታ ሄዳለች። ስለ ጣሳው ከአባባ ሰምታ ደወለች።

«ወንድሜ፣ ያ ጣሳህ እኔን አነሳኝ ወይ?»

አላነሳትም። እስክትነሣ ድረስ በየቀኑ እዚያው ቦታ ተቀምጣለች፣ ጣሳውም ፊት ለፊቷ ነበር። ሰው ግን ይንቀሳቀሳል፣ ይነሣል፣ ማታ ይሄዳል። ወረቀቱ የሚይዘው የማይነቃነቀውን ነው። የፎቶግራፍ ፈር ቀዳጁ ፈረንሳዊ ዳጌር እ.ኤ.አ. በ1838 የፓሪስን ቡሌቫር ዱ ታምፕል ሲያነሳ መንገዱ በሰውና በጋሪ የተሞላ ነበር፤ ሥዕሉ ላይ ግን መንገዱ ባዶ ነው። የቀረው ጫማውን ሊስትሮ ሲያስጠርግ ዝም ብሎ የቆመ አንድ ሰው ነው። ፎቶ ላይ የወጣ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው ይባላል። ይህን ለሴትዮዋ በስልክ ማስረዳት አልሆነልኝም። «እሺ፣ ድንጋዩ ይበልጠኛል ማለት ነው» ብላ ሳቀች።

ከጥር እስከ መጋቢት፦ ሰው

የስልክ ጥሪው ሥራውን ቀየረው። ጣሳው ቤትን ይያዝ፣ እጄ ደግሞ ሰውን ይያዝ። ጨለማው ክፍል ውስጥ ተመልሼ ገባሁ፤ አሁን የምስለው ፍርስራሹ ላይ የሚንቀሳቀሱትን ብቻ ነው። ብሎኬት የሚያጸዱ፣ ብረት የሚለቅሙ፣ አቋርጠው የሚያልፉ። አቡጀዲው ላይ ሰው ከአውራ ጣት አይበልጥም። ሁለት ሦስት ሰከንድ ቆሞ ካልሰጠ አይያዝም። የከሰል እንጨት ለዚህ ወፍራም ሆነ፣ ዱቄቱን በጨርቅ ነክቼ ማተም ጀመርኩ። አንድ ንክኪ ለጭንቅላት፣ አንድ ለገላ።

መጀመሪያ በቦታቸው ነበር የምስላቸው። ቆይቶ ግን አንድን ሰውዬ ሲያቋርጥ በሄደበት ሁሉ ደጋግሜ ሳልኩት። ይህ ለእኛ እንግዳ አይደለም። የቤተ ክርስቲያን ሥዕሎቻችን ላይ አንዱ ቅዱስ በአንድ ግድግዳ ላይ ሲወለድም፣ ሲያስተምርም፣ ሲሞትም ይሣላል። ማንም «ስንት ሰው ነው?» ብሎ አይጠይቅም። ጥላም አይጣልም፣ ሰዓቱ ስንት እንደሆነም አይታወቅም። ትምህርት ቤት እያለሁ ይህን እንደ ጉድለት የማየው ነገር ነበር። ዘንድሮ ጣሳውና ግድግዳው አንድ ዓይነት ነገር እያደረጉ መሰለኝ፤ ጊዜን አንድ ወረቀት ላይ ይደርባሉ። ልዩነቱ ግድግዳው ማንን እንደሚያስቀር ይመርጣል፣ ጣሳው አይመርጥም።

የካቲት ላይ አንድ ጣሳ ጠፋ። ሰገነቱ ላይ የነበረው መጠባበቂያ ነው። ቆራሌው መልሶ ወስዶት ይሆናል፣ አልጠየቅኩም።

ሚያዝያ 5፦ ጥላ የሌለበት ቀን

ሆሣዕና ነው። ዛሬ ፀሐይዋ ቀትር ላይ ልክ አናታችን ላይ ናት። በዓመት ሁለት ጊዜ ነው የምትሆነው፣ ሌላው ነሐሴ 23 ገደማ ክረምት ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜ ደመና ይውጠዋል። የአዲስ አበባ እውነተኛ ቀትር 6 ሰዓት ላይ አይደለም፤ ሰዓታችን የተቀናበረው ከእኛ በስተ ምሥራቅ ባለ መስመር ስለሆነ 25 ደቂቃ ያህል ይዘገያል።

6 ሰዓት ከ25 ላይ ጣሪያው ላይ እርሳስ አቆምኩ። ጥላው እርሳሱ ሥር ገብቶ ጠፋ። ከታች መንገዱ ላይ ግንባራቸው ላይ ዘንባባ ያሰሩ ሰዎች ያልፋሉ፣ ጥላቸውን እየረገጡ። ወደ ክፍሉ ሮጬ ወርጄ የቻልኩትን ሳልኩ። ሰዎቹ መሬት ላይ ያልቆሙ ይመስላሉ። ለካ ሰውን መሬት ላይ የሚያቆመው ጥላው ነው። የዓመቱ ምርጥ ሥዕሌ ይህ ይመስለኛል፣ ምናልባት ስለቸኮልኩ።

የተኛው ጣሳ ውስጥ የዛሬዋ መስመር ልክ ቀዳዳው ሥር ታልፋለች። ሰኔ ላይ እናያለን።

ሰኔ 14፦ ሁለቱ ጣሳዎች ተከፈቱ

የተኛው፦ ከአንዱ ጥግ ውኃ ገብቷል። ቀዳዳው ላይ ያለው መስታወት አልለቀቀም፣ የገባው በክዳኑ በኩል ነው። ናስትሮ በፀሐይ ሲግል ሙጫው ይለቃል። በሚቀጥለው ክዳኑም ሲሊኮን ያስፈልገዋል። ወረቀቱ አንድ ጥግ ላይ ሻግቷል፣ ሌላው ደህና ነው። መስመሮቹ ከዳር እስከ ዳር ጎን ለጎን ተኝተዋል። በስሌቱ መሠረት ከታኅሣሥ እስከ ሰኔ 59 ሚሊ ሜትር ያህል መስፋት ነበረባቸው፤ በማስመሪያ ስለካው 58 መጣ። ለቆራሌ ጣሳ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

የዘበኛው፦ የበጋዎቹ መስመሮች ጥቅጥቅ ብለዋል፣ የበልጎቹ ተቆራርጠዋል። ግንቦትና ሰኔ ሲደርስ እዚህም እዚያም ብቻ ነው። ቤት የለም። ከታች አንድ ለስላሳ ግራጫ ነገር አለ፣ ሲቆፈርና ሲሞላ የከረመው መሬት ነው። በግራ በኩል አዲስ የተተከሉ የመንገድ መብራት ምሰሶዎች ቀጭን ሆነው መጥተዋል። ጣሳው ከተሰቀለ በኋላ ስለቆሙ ምሉዕ አይደሉም።

ሐምሌና ነሐሴ፦ እንዴት ይታያል?

አሁን ጥያቄው ሰው እንዴት ያየዋል የሚለው ነው። ስካኑ ሊታተም ይችላል። ባነር ቤት ወስጄ በሸራ ላይ አሳተምኩት፣ 2,200 ብር። ልጁ «ቀለሙ ተበላሽቶ ስለነበር አስተካክዬልሃለሁ ወንድም» አለኝ፤ ወይን ጠጁ ሁሉ ግራጫ ሆኗል። ሳያስተካክል እንደገና አተመልኝ። ጥሩ ነው። ግን ፖስተር ነው።

ወረቀቱን ራሱን ማሳየት እፈልጋለሁ። ለማጽናት ሃይፖ የሚባል የፎቶ ኬሚካል አለ። የተበላሸውን ወረቀት ቁራጭ ነክሬ ሞከርኩ፤ ወይን ጠጁ ሄዶ የደከመ ቢጫ ሆነ፣ ቀጫጭኖቹ መስመሮችም ደበዘዙ። ይቅር። ካልጸና ደግሞ ባየነው ቁጥር ይጠቁራል። ማየት ያበላሸዋል። ታዲያ ለምን አላሳየውም?

ከኤምዲኤፍ ሳጥን ሠራሁ። የበር ደወል ቁልፍ፣ የኤልኢዲ ስትሪፕ፣ ለ10 ሰከንድ ብቻ የሚያበራ ታይመር። ሰው ይጫናል፣ ያያል፣ ይጠፋል። የሌላ ወረቀት ቁራጭ ግማሹን በናስትሮ ሸፍኜ መብራቱን ሁለት ቀን ሙሉ ለቀቅኩበት። ናስትሮውን ሳነሣ ልዩነቱ ከጎን ዘንበል ብሎ ለሚያይ ብቻ ነው የሚታየው። ሁለት ቀን ማለት ቁልፉ 17,280 ጊዜ ተጫነ ማለት ነው። ያን ያህል ሰው ስቱዲዮዬ አይመጣም። ሱቆች ብር የሚፈትሹበትን ዩቪ አምፖል አስቤ ነበር። ፈጣን ነው፣ ግን የሰው ዓይን ላይ ዩቪ አልለቅም። ከዚያ ሁሉ ሽቦ በኋላ ሳጥኑ ተጣለ። ታይመሩን ለአከራዬ የውኃ ፓምፕ ሰጠኋቸው፣ እዚያ ጥሩ እየሠራ ነው።

መፍትሔው የቆየ ነገር ሆነ። የጣና ገዳማት ውስጥ የመቅደሱ ግድግዳ ሥዕሎች ላይ መጋረጃ ይንጠለጠላል። ቄሱ ገለጥ አድርገው ያሳያሉ፣ ይመልሱታል። ቀለሙም ይጠበቃል፣ ማየቱም እንዲሁ በነፃ የሚሰጥ አይሆንም። ጥቁር ከፋይ ገዝቼ በእጥፉ አሰፋሁት፤ ከነስፌቱ 900 ብር። ወረቀቱ በፍሬም ሆኖ ከመስኮቱ ጎን ተሰቀለ፣ ቀጥታ ፀሐይ በማያገኝበት፣ ግን የቀን ብርሃን በሚደርስበት። ኮምፔንሳቶው ተነሥቷል፤ ክፍሉ አሁን ካሜራ አይደለም። በናስትሮ ግማሹ የተሸፈነውን ቁራጭ እዚያው ፈተንኩት። አንድ ሰዓት ሳይሞላው ልዩነቱ ግልጥ ብሎ ታየ። ይህ ልክ ነው።

ከሰሉ የተሳለበት አቡጀዲ ተቃራኒው ግድግዳ ላይ ነው። እሱ መጋረጃ አያስፈልገውም። መጋረጃውን የገለጠ ሰው ወረቀቱን ሲያይ ሰዎቹ ከኋላው ናቸው። እስኪዞር።

ጳጉሜን

ጓደኞቼ መጥተው አዩ። አንዱ መጋረጃውን ገልጦ ይዞ ስለ ሌላ ጉዳይ ረጅም ወሬ ያወራል። ምንም አላልኩም፤ ወሬውም ወረቀቱ ላይ ተጽፏል። ሌላዋ ስልኳን ከነፍላሹ አወጣች። ስልክ ክልክል ነው የሚል አልለጥፍም፣ ፍላሹን ግን አስጠፋለሁ። አባባም ወጥተው አይተዋል። በጣታቸው ጣሪያውን እያሳዩ «ይቺ የኔ ናት» አሉ። መጋረጃውን ከሁሉም በፍጥነት የዘጉት እሳቸው ናቸው።

ቡና ትሸጥ የነበረችው ሴትዮ ለአዲስ ዓመት እመጣለሁ ብላለች። አቡጀዲው ላይ ሁለት ቦታ አለች፤ ጥቅምት ላይ፣ ሳትነሣ በፊት፣ ጥግ ላይ ነክቻት ነበር። አንዷ ኅዳር ላይ በጨርቅ ታብሳ ግራጫ ሆናለች። የትኛዋ እሷ እንደሆነች እሷው ትንገረኝ።

ካርቶኑ ውስጥ የቀረው ወረቀት ለአንድ ዙር ይበቃል። የሚቀጥሉት ጣሳዎች ወደ ምዕራብ የሚያዩ ናቸው፤ ክዳናቸው ሲሊኮን ተቀብቷል፣ ቀዳዳቸው ተለክቷል። ዝናቡ ሲያባራ፣ መስቀል ሳይደርስ ልሰቅላቸው ነው። አባባ መሰላሉን እይዝልሃለሁ ብለዋል።